ፍሬም ውስጥ የቀረች ከተማ

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ዋናው ሥዕል አይደለም፤ ወረቀት ላይ የታተመ ቅጂ ነው። ቡናማ የእንጨት ፍሬም አለው፤ መስተዋቱ በቀኝ ጥግ በኩል ተሰንጥቋል። ሰፊ ወንዝ ይታያል። ከወንዙ ማዶ ዳገቱን ተከትለው የተደረደሩ ቤቶች፣ ቀጫጭን ማማዎች፣ የአብያተ ክርስቲያናት ጣሪያዎች፣ አንድ ረጅም ቤተ መንግሥት። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የሥዕሉን እኩሌታ የያዘ ሰማይ አለ። እንግዳ ሲመጣ የቡና ስኒውን እንደያዘ ቀና ይልና መገመት ይጀምራል። ኢየሩሳሌም ናት ያሉኝ አሉ። ቬኒስ ያሉኝ አሉ። አንዲት የዘመድ ልጅ፣ "ጎንደር ድሮ እንዲህ ያለ ትልቅ ወንዝ ነበረው እንዴ?" ብላ ጠይቃኛለች።

አልፈርድባቸውም። በእኛ አገር ሳሎን ውስጥ የሚሰቀል ሥዕል ወይ የመጨረሻው እራት ነው፣ ወይ ካዕባ ነው፣ ወይ ደግሞ በረዶ የለበሰ ተራራ ሥር ፏፏቴ የሚወርድበት፣ ከባለቤቱ ጀምሮ ማንም ሄዶ የማያውቀው የስዊዘርላንድ መንደር ነው። ከዚህ የወጣ ነገር ሲያይ ሰው ግራ ቢጋባ አይገርምም።

ከሥዕሉ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የታተመው ጽሑፍም ግራ መጋባቱን ያብሳል። "ካናሌቶ፤ ዋርሶ ከፕራጋ በኩል፤ 1770" ይላል። ፕራጋ ሲባል የቼኮቹ ፕራግ እንዳትመስላችሁ። ከዋርሶ ፊት ለፊት፣ ከቪስቱላ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለች፣ ያኔ ለብቻዋ የምትቆጠር ዛሬ ግን የዋርሶ ክፍል የሆነች ሰፈር ናት። ካናሌቶ የተባለውም ያ ስሙ የገነነው የቬኒስ ሠዓሊ አይደለም፤ የእኅቱ ልጅ ነው። ቤርናርዶ ቤሎቶ ይባላል። ሙያውን ከአጎቱ ተማረ፤ ከአገሩ ሲወጣ ደግሞ የአጎቱን ስም ይዞት ወጣ። አጎትየው ዋርሶን ረግጧት አያውቅም። ፖላንዶች ግን እስከ ዛሬ "የእኛ ካናሌቶ" የሚሉት የእኅቱን ልጅ ነው።

(ዓመተ ምሕረቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፦ የአውሮፓው ታሪክ ላይ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የእኛ ጉዳይ ላይ ስደርስ "ዓ.ም." ብዬ በእኛው እጽፋለሁ። ሰባት ስምንቱን ዓመት መደመርና መቀነስ ለአንባቢ ትቻለሁ።)

ሥዕሉ የአጎቴ ነበር። እሳቸውን ቤተሰቡ ሁሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ሶሻሊስት አገሮች ከተላኩት አንዱ ናቸው። ዕጣቸው ዋርሶ ሆነና ምሕንድስና ተምረው በ1975 ዓ.ም. ተመለሱ። የዘመኑ ተመላሽ ሁሉ ቴፕ ሪኮርደር ሲያመጣ እሳቸው ተጠቅልሎ ካርቶን ቱቦ ውስጥ የገባ ወረቀት ይዘው መጡ። ባለቤታቸው እትዬ ይህን እስከ ዛሬ አልረሱም፤ ይቅርም አላሉም። ወረቀቱ ፍሬም ተሠራለት፤ ዶሮ ማነቂያ ባለው ቤታቸው ግድግዳ ላይም ተሰቀለና አርባ ዓመት ኖረ። ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ እትዬ ኮንዶሚኒየም ገቡ። የጭቃ ግድግዳ አርባ ዓመት የተሸከመውን ምስማር የአዲሱ ቤት ግድግዳ አልቀበልም አለ። አንዱ ምስማር ታጠፈ፣ ሁለተኛው ታጠፈ፣ በሦስተኛው ፍሬሙ ወደቀና መስተዋቱ ተሰነጠቀ። "አንተ መጻሕፍት የምትወድ ሰው ነህ፣ ውሰደው" አሉኝ እትዬ። መጻሕፍትና ሥዕል ምን እንዳገናኛቸው አልጠየቅሁም፤ ወሰድኩት።

ጋሼ ስለዚህ ሥዕል የሚደጋግሟት አንዲት ነገር ነበረቻቸው። "ይኼ የከተማዋ ሥዕል እንዳይመስልህ። ከተማዋ ናት የዚህ ሥዕል ቅጂ" ይሉኝ ነበር። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። መሐንዲስ ቅኔ ሲሞክር እንዲህ ነው ብዬ አለፍኩት። ሥዕሉ እኔ ቤት ከገባ በኋላ ነው ነገሩን ልከታተለው የተነሣሁት፤ ጋሼ ቅኔ እየተቀኙ እንዳልነበር የገባኝም ያኔ ነው።

ቤሎቶ በ1747 ከጣሊያን ተነሥቶ ድሬስደን ገባ። የሳክሶኒው ገዢ አውጉስት 3ኛ የፖላንድም ንጉሥ ነበር፤ ሀብታም ነው፣ ሥዕል ወዳድ ነው፣ የከተማውን ውበት ተሥሎ ማየት ይፈልጋል። ሠዓሊውም ጥሩ ክፍያ፣ ጥሩ ቤት አገኘ። ይህ ደስታ አሥር ዓመት እንኳ አልቆየም። በ1756 የሰባቱ ዓመት ጦርነት ተነሣ፤ በ1760 የፕራሻ መድፍ ድሬስደንን ደበደባት። ቤሎቶ በዚያን ጊዜ ከከተማው ውጭ ነበር። ቤቱ ግን ከነንብረቱ ወደመ።

በ1765 የሣለው አንድ ሥዕል አለ። በዚያ ድብደባ የተጎዳውን የድሬስደን የመስቀል ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ያሳያል። የማማው እኩሌታ እንደ ተሰበረ ጥርስ ቆሟል፤ ከሥሩ የድንጋይ ክምር አለ፤ ሰው ቆሞ ያያል። ቤተ መንግሥትና አደባባይ እያሳመረ እንጀራውን የሚበላ ሰው እዚህ ላይ ምንም አላሳመረም። ይህን ሰው የጌቶች ፎቶ አንሺ ብቻ አድርገን እንዳናይ ይህችን ሥዕል ልብ ብንላት ጥሩ ነው። የከተማ ዕድሜ ስንት እንደሆነ በቤቱ የተማረ ሰው ነው።

ንጉሡ ሲሞት ድሬስደን ውስጥ ለቤሎቶ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ከወንድ ልጁ ጋር ወደ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ወደ ታላቋ ካትሪን ደጅ ለመሄድ ተነሣ። በ1767 መንገዱ ላይ ዋርሶ ሲደርስ አዲሱ የፖላንድ ንጉሥ ስታኒስላቭ አውጉስት ፖኒያቶቭስኪ ያዘው፤ አልለቀቀውም። በዚያው የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሆነ፤ በ1780 እስኪሞትም ዋርሶን አልለቀቀም። ይህ ንጉሥ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። የካትሪን ወዳጅ የነበረ፣ በእሷም ድጋፍ የነገሠ፣ በኋላ አገሩን እሷና ጎረቤቶቿ እንደ ቅርጫ ሥጋ ሲካፈሏት ቆሞ ያየ ሰው ነው። የመጀመሪያው ክፍፍል የተደረገው በ1772 ነው። ቤሎቶ ታላላቆቹን የዋርሶ ሥዕሎች የሣለው ከ1770 እስከ 1780 ባሉት ዓመታት መሆኑን ስታስቡ ንጉሡ ምን እንደፈለገ ትረዳላችሁ። አገሩ ከዳር ዳር እየተቆረሰች ነው፤ እሱ መሐሏን በሸራ ላይ ያስቀምጣል።

የሥዕሎቹ ብዛት ሃያ ስድስት ነበር፤ ሃያ ሁለቱ ዛሬም አሉ። የተሰቀሉት ቤተ መንግሥቱ ውስጥ፣ ንጉሡን ለማግኘት ደጅ የሚጠኑ ሰዎች በሚቆዩበት አዳራሽ ነው። ደጅ ጠኚ ሁሉ ተራው እስኪደርስ ከተማዋን በግድግዳ ላይ ያያል ማለት ነው። የእኔ ቅጂ ዋና የሆነችው የ1770ዋ ሥዕል ከሁሉም ትልልቆቹ አንዷ ናት፤ ስፋቷ ሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል። ከግርጌዋ በግራ ጥግ፣ ከፕራጋ ዳርቻ ላይ፣ ሠዓሊው ራሱን በሥራ ላይ አስቀምጧል።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ኋላ ለሚመጣው ነገር ያስፈልገናል። ቤሎቶ እንደ አጎቱ "ካሜራ ኦብስኩራ" በሚባል ጨለማ ሣጥን ይጠቀም ነበር። ብርሃን በሌንስ በኩል ይገባል፤ ከፊት ያለው መንገድና ሕንፃ ሣጥኑ ውስጥ ባለ ወረቀት ላይ ያርፋል፤ ሠዓሊው በእርሳስ ይከተለዋል። እንዲህ ያለው ንድፍ ልክ አለው። የመስኮት ቁጥር፣ የጣሪያ ክፈፍ፣ የበር ስፋት ከግምት ይወጣል። ሰውየው ደግሞ በጣም ልቅም ያለ ነው። የተላጠ ልስን፣ የተሰነጠቀ ግንብ፣ በሰገነት ላይ የተሰጣ ልብስ አያመልጠውም። ጎዳናው ላይ መኳንንት በሠረገላ ያልፋሉ፤ መነኩሴ፣ አይሁዳዊ ነጋዴ፣ ለማኝ፣ ውሻ አለ። ንጉሡ ቤተ መንግሥቱን ነው ያዘዘው፤ ሠዓሊው መንገዱን መርቆ ሰጠው።

ከዚያ በኋላ ሥዕሎቹ የአገሪቱን ዕጣ አብረው ተንከራተቱ። በ1795 ፖላንድ ከካርታ ላይ ጠፋች። ናፖሊዮን ሲመጣ የተወሰኑትን ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ ተመለሱ። ከ1830 እና 31 አመፅ በኋላ የሩሲያው ዛር ወደ አገሩ አጋዛቸው። ፖላንድ ዳግም አገር ሆና ከሶቪየቶች ጋር በ1921 ውል ስትዋዋል ተመለሱ። የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ጀርመኖች ዘረፏቸው። ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተገኙ። የተሣለችው ከተማ ግን በዚያን ጊዜ አልነበረችም።

ዋርሶ እንዴት እንደጠፋች ስናወራ አንድ ነገር መለየት አለበት። ብዙ ከተማ በጦርነት ፈርሷል። ዋርሶ ግን ጦርነቱ ካለቀባት በኋላ ነው ይበልጥ የፈረሰችው። ነሐሴ 1 ቀን 1944 ነዋሪው በጀርመኖች ላይ ተነሣ። ስልሳ ሦስት ቀን ተዋጋ። ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ ሰላማዊ ሰው አለቀ። እጅ ከሰጡ በኋላ የተረፈው ሕዝብ ከከተማ እንዲወጣ ተደረገ። ባዶ ቤቶች ቀሩ። ያኔ ልዩ ቡድኖች ገቡ፤ አንዱ ያቃጥላል፣ አንዱ ድማሚት ይቀብራል፤ ቤት በቤት፣ ጎዳና በጎዳና። የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ በድማሚት ተገነደሰ። የሶቪየት ጦር ጥር 17 ቀን 1945 ሲገባ ከመቶ ሰማንያ አምስት እጁ ያህል የፈረሰ ከተማ ነው ያገኘው።

ይህን ሳነብ ቀና ብዬ ግድግዳዬን አየሁ። የሶቪየት ጦር ፕራጋን የያዘው በመስከረም 1944 አጋማሽ ነው። ማዶው ሲነድ እነሱ ከዚህ ዳር ነበሩ። አቅም አጥተው ነው ወይስ ፖለቲካ ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ የእኔ ጉዳይ እሱ አይደለም። የእኔ ጉዳይ ቦታው ነው። ቤሎቶ መደገፊያውን ተክሎ፣ ወንዙን አሻግሮ ዋርሶን የሣለው ከዚያው ዳርቻ ነው። ከመቶ ሰባ አራት ዓመት በኋላ እዚያ የቆመ ወታደር ያየው ይህንኑ ሥዕል ነው፤ ያው ወንዝ፣ ያው ዳገት፣ ሰማዩ ብቻ ጭስ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ፣ "ይህችን ከተማ ምን እናድርጋት?" የሚል ነው። ፍርስራሹ ለመታሰቢያ እንዲሁ ይቀመጥ፣ መናገሻው ወደ ዉድዝ ይዛወር ያሉ ነበሩ። ሕዝቡ ግን መልስ ሳይጠብቅ እየተመለሰ ፍርስራሹ ውስጥ መኖር ጀመረ። በየካቲት 1945 የመዲናዋ መልሶ ግንባታ ቢሮ ተቋቋመ። የቅርስ ክፍሉን የያዘው አርክቴክቱ ያን ዛህቫቶቪች አቋሙ ግልጽ ነበር፤ ሕዝብን ታሪኩን በማፍረስ ሊያጠፉት የሞከሩ ሰዎች ፍርስራሹን እንደ ፈቃዳቸው ትተው መሄድ የለባቸውም።

ግን በምን ይሠራ? አንደኛው ምንጭ የዋርሶ ፖሊቴክኒክ ነበር። ከጦርነቱ በፊት መምህራኑና ተማሪዎቹ አሮጌ ቤቶችን በሜትር እየለኩ ነድፈው ነበር። በወረራው ጊዜ ንድፎቹን ከከተማ አውጥተው ፒዮትርኩፍ በሚባል ከተማ ባለ ገዳም ውስጥ ሸሸጓቸው፤ ተረፉ። ሁለተኛው ምንጭ ፎቶግራፍ ነበር። ሦስተኛው ምንጭ የእኛ ሰው ነው። ያ የጨለማ ሣጥን፣ ያ የመስኮት ቁጥር፣ ያ የጣሪያ ክፈፍ ከሁለት መቶ ዓመት ግድም በኋላ የግንበኛ ሰነድ ሆነ። ሚዮዶቫ ጎዳና አጠገብ ያለውን የብራኒትስኪ ቤተ መንግሥት የሚያይ ሰው ጣሪያው ዙሪያ የቆሙ ሐውልቶች ያያል። እነዚያ የቆሙት ቤሎቶ በ1777 ሣላቸውና ነው። ከጦርነቱ በፊት የነበረ ሰው ቤቱን በዚያ መልኩ አላየውም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር በየዓመቱ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ነገር ነበር። "ኪነ ጥበብ የሕይወት መስታወት ነው" ብዬ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ እነሱም ይጽፋሉ፤ ፈተና ላይ ይመልሱልኛል፤ ማርክ እሰጣለሁ። ፊት ቆሞ፣ ቀጥሎ ፊቱ ጠፍቶ፣ ከዚያ ከመስታወቱ ላይ ተቀድቶ የተሠራ ፊት እንዳለ ማን ነግሮኝ። ጋሼ ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማሁም እንጂ።

የአሮጌዋ ከተማ የገበያ አደባባይ ሐምሌ 22 ቀን 1953 ተመረቀ። ጡቡ ከየፍርስራሹ ተለቅሞ የመጣ ነው፤ አልበቃ ሲል ከሌሎች ከተሞች፣ ከጀርመን ወደ ፖላንድ ከተዛወሩት ከእነ ቭሮትስዋፍና ሽቼቺን ሳይቀር፣ እየፈረሰ ተጫነ። አንዷን ለመሥራት ሌላዋ ስትፈርስ ይህን በመፈክር ላይ የጻፈው የለም። ፊቱ የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የሆነ ቤት ውስጡ የሠራተኛ አፓርታማ ነው፤ መታጠቢያ ቤት አለው፣ ብርሃን ይገባዋል። ከጀርባው ተጨናንቀው የነበሩት ጓሮ ቤቶች ተመልሰው አልተሠሩም። እዚህ ላይ መቼም ማንም አላዘነም። ቤተ መንግሥቱ ግን ብዙ ቆየ። ኮሚኒስት መንግሥት የንጉሥ ቤት ለመሥራት አልቸኮለም። በ1971 ተፈቀደ፤ ሕዝቡ ገንዘብ አዋጣ፤ በ1984 ለሕዝብ ተከፈተ። የማማው ሰዓት መስከረም 17 ቀን 1939 በጀርመን መድፍ ሲመታ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ቆሞ ነበር። በሐምሌ 1974 እንደገና ያስነሡት በዚያችው ሰዓት፣ ጠዋት አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ጋሼ የተማሩት ይህ ቤተ መንግሥት እየተሠራ ባለበት ጊዜ ነው፤ የዳቦ ሰልፍ ላይ ቆመው ግንበኛውን ያዩ ነበር።

እስከዚህ ያለው ታሪክ ልብ ያሞቃል፤ እኔም እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሁለት የሚቆረቁሩ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ትንሽ ነው። ቤሎቶ ልቅም ያለ ነው ብያለሁ፤ ሆኖም ሠዓሊ ነው፤ ቀያሽ አይደለም። ለእይታ እንዲጥመው እዚህ ያለውን ጠጋ፣ እዚያ ያለውን ቀና ያደርጋል። የማይታየውን እንዲታይ ይገልጠዋል። ከእሱ የቀዳ ሰው የእሱንም ቅመም ቀድቷል። ስለዚህ ዛሬ ዋርሶ ውስጥ በፎቶ ከምናውቀው የ1939 መልክ ይልቅ በሥዕሉ ያለውን የያዙ ሕንፃዎች አሉ። እውነተኛዋ ዋርሶ የቷ ናት? በሰፈሩ አድጎ የተመለሰ ሽማግሌ የልጅነት ቤቱን አምሮ፣ ወጣት ሆኖ፣ እሱ በማያውቀው ልብስ ሲያገኘው ምን ይበል?

ሁለተኛው ትልቅ ነው። ከጦርነቱ በፊት ከዋርሶ ነዋሪ ከመቶ ሠላሳው ግድም አይሁዳዊ ነበር። ከሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ ሰው ይበልጣል። ናሌቭኪ የሚባል ጎዳና ነበራቸው፤ ሱቅ በሱቅ ላይ፣ ማተሚያ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ጋዜጣ። በ1940 ጀርመኖች አጥረው ዘጉባቸው። በ1942 ክረምት፣ ከሐምሌ 22 ጀምሮ፣ በሁለት ወር ውስጥ ሩብ ሚሊዮን ሰው ወደ ትሬብሊንካ ተጫነ። የተረፉት በሚያዝያ 1943 መሣሪያ አንሥተው ተዋጉ። ሰፈሩ ከዚያ በኋላ እስከ መሠረቱ ተደመሰሰ፤ ታላቁ ምኵራብ በግንቦት 16 በድማሚት ተነሣ። (ሐምሌ 22ን ልብ በሉ። ያ ቀን በኋላ የአዲሱ መንግሥት ብሔራዊ በዓል ሆነ፤ የገበያው አደባባይ የተመረቀውም በዚያው ቀን ነው። ሆን ተብሎ አይደለም፤ በዓሉ ሌላ ምክንያት አለው። ቀን ግን ቀን ነው።)

ናሌቭኪ ተመልሶ አልተሠራም። ፎቶግራፍ ጠፍቶ አይደለም፤ ነበረ። "ቤቴን መልሱልኝ" የሚል ሰው ነው የጠፋው። በዚያ ላይ ሙራኑቭ የሚባል አዲስ መንደር ተሠራ። አርክቴክቱ ቦህዳን ላሄርት ፍርስራሹ ተጠርጎ የሚያልቅ እንዳልሆነ ሲያይ ከክምሩ ላይ ሠራው፤ ብሎኬቱም ከተፈጨው ፍርስራሽ የተሠራ ነው። እስከ ዛሬ አንዳንዱ ሕንፃ በር ላይ ለመድረስ ከመንገዱ ደረጃ ትወጣላችሁ። የምትወጡት ቤቱ የነበረበትን ነው። በምኵራቡ ቦታ ላይ ደግሞ በ1991 የተከፈተ የመስተዋት ፎቅ ቆሟል።

እንግዲህ ፍሬሙ ውስጥ የነበረው ተመለሰ። ያዘዘው ንጉሥ፣ የሣለው ሠዓሊ፣ የሚጠይቀው ሕዝብ ነበረው። ቤሎቶ ጎዳናው ላይ የሣላቸው ጥቁር ካባ የለበሱ አይሁዳውያን ነጋዴዎች ሥዕሉ ላይ ዛሬም ቆመዋል። ከጀርባቸው ያለው ግንብ ልኩ ተወስዶ ተሠራ፤ እነሱ ግን ለማንም ልክ አልሆኑም።

በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከውስጣቸው ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ሰሜን ተራሮች። ሁለቱ ደግሞ የፖላንድ ነበሩ፤ ክራኮቭና የቪየሊችካ የጨው ማዕድን። ዋርሶ አልገባችም። "ይህ እኮ የሃያ አምስት ዓመት ዕድሜ ያለው አሮጌ ከተማ ነው" የሚል ክርክር ተነሣ። በ1980 ግን ተመዘገበች፤ የተመዘገበችውም ለጥንታዊነቷ ሳይሆን ለመልሶ መሠራቷ ነው። ላሊበላ ሳይነካ በመቆየቱ የገባበት መዝገብ ላይ ዋርሶ ፈርሳ በመመለሷ ገባች። ይህን ለጋሼ ነግሬያቸው ቢሆን ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ "ምሕንድስና ማለት ይኼ ነው" ነበር የሚሉት።

ባለፈው ፋሲካ ቤተሰቡ ሁሉ እትዬ ዘንድ ተሰበሰበ። አራተኛ ፎቅ ነው። ውኃ ሲመጣ ይመጣል፤ መጸዳጃ ቤቱ ግን የራሳቸው ነው፤ ይህን ሳይናገሩ አይውሉም። ዶሮ ማነቂያ እያሉ መጸዳጃው የስንት ቤት እንደነበረ፣ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ሥር ስንት ባልዲ ይደረደር እንደነበረ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ያንን ኑሮ የሚያሞካሽ። ከምሳ በኋላ ቡናው እየተቆላ ሳለ ግን አልበማቸውን አስወጡና፣ "እስቲ ያቺን ቤት የምታሳይ ፎቶ ፈልጉልኝ። ፊቷን ብቻ። በሯንና መስኮቷን" አሉ።

ፈለግን። ሦስት አልበም ነው። የሠርጉ ፎቶ መናፈሻ ውስጥ ነው የተነሣው፤ አበባ እንጂ ቤት የለበትም። የልደቱ ሁሉ ኬክ ነው። የምረቃው ዩኒቨርሲቲ ነው። ጊዮርጊስና የምኒልክ ሐውልት በፖስት ካርድም፣ በጋሼ ካሜራም አሉ፤ ከፊት፣ ከጎን፣ በጥምቀት፣ በአዘቦት። ከቤቱ የተገኘው የአንድ መዝጊያ እኩሌታ፣ ከአንድ ልጅ ትከሻ በላይ የመጋረጃ ጫፍ፣ በሐዘን ጊዜ የተነሣ የድንኳን ምሰሶና ከኋላው የቆርቆሮ አጥር ነው። ማን ብሎ የራሱን በር ፎቶ ያነሣል? በሩ የት ይሄዳል?

በመጨረሻ አንዷ የልጅ ልጅ የ1977 ዓ.ም. የክርስትና ፎቶ አወጣች። ጥቁርና ነጭ ነው። ሁሉም ሶፋው ላይ ተደርድረዋል፤ ጋሼ ክራቫት አስረዋል፤ እትዬ ሕፃኗን ታቅፈዋል። ከኋላቸው፣ ከራሳቸው በላይ፣ ዋርሶ ሙሉዋን አለች፤ ወንዙ፣ ዳገቱ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ማማዎቹ፣ ሰማዩ። መስተዋቱ ገና አልተሰነጠቀም። ከፍሬሙ ዙሪያ ሁለት ስንዝር የሚያህል ግድግዳ ይታያል።

"ይኸው!" አሉ እትዬ በጣታቸው ግድግዳውን እየነኩ። "አረንጓዴ ነበር፤ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ።"

"እማዬ ደግሞ፣ ሰማያዊ ነበር እኮ" አለች ልጃቸው፣ ያቺ ፎቶው ላይ የታቀፈችው።

"እኔ ነኝ ያስቀባሁት፤ ለአንቺ ክርስትና ነው ያስቀባሁት!"

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ለእኔ ክሬም ነበር የሚመስለኝ።